የአሸዋ ሰደርያ

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ሲባል የማይስማማ የለም፤ ነገር ግን ሰው የሚጠረጥረው ስለ ሥራው እንጂ ስለ ልጁ አይደለም። ካላመናችሁኝ ጅማ ኑና የእህቴን ባል ጀማልን እዩ።

ጀማል የቡና ቀማሽ ነው። እሱ ዘንድ ሲኒው ላይ ኮድ እንጂ የቡናው ባለቤት ስም አይጻፍም። አንድ የአሰንዳቦ ቡና አቅራቢ «ያቺ የኔ ናት» ብሎ ቢያንሾካሹክለት ሲኒውን ደፍቶ ቅምሻውን እንደ አዲስ ያስጀመረ ጉደኛ ነው። ይኸው ሰው የሰባት ዓመት ልጁ ኢክራም ኦቲዝም እንዳለባት ካወቀ ወዲህ፣ ስልኩ ላይ «ልጄ ተለወጠልኝ» ያለውን ሁሉ ያምናል!

በቅርቡ አንድ «ባለሙያ» ከአዲስ አበባ መጣ። ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ልጅቷን መርምሮ ጨረሰና አሸዋ የተሰፋበት ሰደርያ አዘዘላት፤ ክብደቱ ያረጋጋል ተባለ። ከዚያ ደግሞ እጅ እግሯን በብሩሽ ማሸት። ጊዜ ስለማይበቃ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ አጠገብ ያለው ትምህርቷ ቀረ። ልብ በሉ፣ ሲጠማት ከማልቀስ በቀር መላ ያልነበራት ልጅ፣ የብርጭቆ ሥዕል አሳይታ ውሃ መጠየቅ የተማረችው እዚያ ነው...

እኔ ማንበብ የማይሰለቸኝ ሰው ነኝና አነበብኩ። በከባድ ሰደርያ ላይ የተሠሩት ጥናቶች ትናንሽ ናቸው፤ ጠንከር ያሉት በአብዛኛው «ለውጥ አላየንም» ይላሉ። የሠለጠነ ሰው ለአንዱ ልጅ ለክቶ የሚሰጠው የስሜት ሕዋሳት ሕክምና ተስፋ ያሳየባቸው ጥናቶች አሉ፤ እነሱም ጥቂት። ጫጫታ ለሚያሳምማት ልጅ የጆሮ መሸፈኛ መስጠት ደግሞ ሕክምና ሳይሆን ጨዋነት ነው። ይህን ሁሉ ለእህቴ ለዘሃራ ባነብላት፣ «ማሎ፣ እባክህ ወንድሜ፣ ወረቀት ልጅ አሳድጎ ያውቃል?» አለችኝ።

ወደ ባሏ ዞርኩ። «ሰደርያውን በኮድ ቅመሰው» አልኩት።

ይህቺን ቋንቋ ያውቃታል። በአሸዋ ፈንታ የቡና ገለባ የገባበት ሁለተኛ ሰደርያ አሰፋን። የቱን እንደለበሰች የማውቀው አልባሿ እኔ ብቻ፤ እናትና አባት ሳይነኳት በየቀኑ ለመረጋጋቷ ነጥብ ይሰጣሉ። ለነገሩ እኔም እሰጣለሁ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የእናትና የአባቷን ነጥብ ደመርነው። አሸዋና ገለባ እኩል ወጡ! ዘሃራ «አልሐምዱሊላህ፣ ዛሬስ ረጋ ብላ ዋለች» ካለችባቸው ቀናት ግማሾቹ የገለባ ነበሩ። የገለባውን ሰደርያ በአንድ ጣቷ አንጠልጥላ አየችው።

እኔ ድሌን ላውጅ ጉሮሮዬን ስጠርግ ጀማል የኔን ወረቀት አነሳ። በአሸዋ ቀን ሁሉ «ተነጫነጨች»፣ በገለባ ቀን ሁሉ «ሰላም ዋለች»።

«ጋሼ፣ ኮዱን እያወቁ ነው የቀመሱት?»

«ባለሙያው አስጠልቶኝ እኮ...»

በቀይ እስክሪብቶ ከላይ እስከ ታች ሰረዘኝ። ይገባኛል።

ሰኞ ኢክራም ወደ ትምህርቷ ተመለሰች። ባለሙያው ይህን ሲሰማ ደውሎ ጀማልን ወቀሰው፤ ነጥብና ኮድ ምን ያደርጋል፣ ዋናው ማመን ነው አለው።

«ለማመንማ መስጊድ አለኝ» አለ ጀማል፣ «እሱም ልጄን ከትምህርቷ አላስቀራትም።»