የሸምሱ መኪና ስንት ትጠጣለች?

አንድን ሹፌር ስለ ዕድሜው፣ ስለ ደመወዙ፣ ስለ ሚስቱም ብትጠይቁት እውነቱን ይነግራችሁ ይሆናል። የጭነት መኪናው ስንት ሊትር እንደምትጠጣ ስትጠይቁት ግን ይዋሻል። የሁሉም መኪና የናፍጣ ሽታ ብቻ ይበቃታል። ታዲያ በየማደያው የሚሰለፈው ማን ነው?

ታናሽ ወንድሜ ሸምሱም ከዚህ አይለይም። አሮጌ መኪናው ላይ የምን አለሽ ተራ ብረት ቀጥቃጮች ዓይናቸውን ከጣሉ ቆይተዋል፤ ስንት ምድጃ እንደሚወጣት ያሰላሉ። የቀረው ተስፋ የሳሙና ጅምላ ነጋዴው ሐጂ ነስሩ ብቻ ናቸው። እሳቸው ደግሞ ጭነቴን የምሰጠው ትንሽ ለምትጠጣ መኪና ነው፣ ተለክታ ትምጣ አሉ።

ለኪዋ እኔ ሆንኩ። በሰው አገር ዕድሜዬን የጨረስኩት የከባድ መኪና የነዳጅ ፍጆታ ተለክቶ ደረጃ በሚሰጥበት መሥሪያ ቤት ነው። ምን ሆነሽ? አትሉም? ወለል እያጸዳሁ። ግን ቅርጫት ውስጥ የተጣለውን ጥናት ሁሉ አንብቤዋለሁ፤ የጻፉት ሰዎች ያን ያህል ያነበቡት አይመስለኝም። የባለመኪናው እህት ናት ብሎ የተቃወመኝም የለም። ከውጭ የመጣ ሰው አያዳላም ተብሎ ይታመናል።

አለካኩ ቀላል ነው። ናፍጣ እስክትገነፍል ሞላንላት፤ ሐጂ ለሙከራ የጫኑልንን ሳሙና ቃሊቲ አራግፈን ስንመለስ እዚያው ማደያ እንደገና እንሞላለን። ሁለተኛው ሙሌት የጠጣችው ነው።

ስንመለስ ዱባይ ተራ ጥግ ላይ መንገዱ ተዘጋ። ቆሞ እንደሚጠጣ መኪና ክፉ ነገር እንደሌለ አንብቤአለሁና፣ በታላቅ እህት ሥልጣን ሞተሩን አጥፋ አልኩት። ሸምሱ አመነታ፤ እሱ ባትሪዋን ያውቃል። እኔ ደግሞ ጥናቱን አውቃለሁ። አጠፋ። መንገዱ ሲከፈት መኪናዋ እምቢ አለች።

ከኋላችን ጥሩምባው አገሩን አደነቆረው። ሸምሱ መሪው ላይ ተደፍቶ፣ በቃ ምድጃ ሆነች አለ።

ያኔ ነው አንድ ኩሊ ያየው። ሸምሱ ሸክም የተሸከመ ሰው ላይ ጥሩምባ ነፍቶ አያውቅም፤ እስኪያልፍ ቆሞ ይጠብቃል። ኩሊው ጓደኞቹን ጠራ፣ እነሱም ሌሎችን፤ ሊስትሮው እንኳ ሳጥኑን እኔ እግር ሥር ወርውሮ ትከሻውን ሰጠ። ባዶዋ መኪና ተንቀሳቀሰች። ሸምሱ ማርሽ አስገብቶ ሊያስነሳት ሲል፣ ስለ ልኬቱ ወሬው የደረሰው አንዱ በመስኮት ብቅ አለ።

«ጋሼ ሸምሱ፣ እንዳታስነሳት፤ ትጠጣብሃለች። ማደያው እኮ እዚሁ ነው።»

ጋቢናው ውስጥ እንደ ንግሥት ተቀምጬ ማደያው ገባሁ። በኖርኩበት አገር እንኳን መኪና ሊገፋልኝ፣ እንዴት አደርሽ ያለኝ ጎረቤት አላስታውስም።

ሐጂ ማደያው ውስጥ ይጠብቁናል። መኪናዋ የወሰደችው ናፍጣ የሚያኮራ ነበር፤ ግን ዳኛ ነኝና እውነቱን ነገርኳቸው። የመጨረሻው መንገድ የተሄደው በናፍጣ ሳይሆን በሰው ትከሻ ነው፣ ልኬቱ አይቆጠርም አልኩ። ሸምሱ እንደሸጥኩት ሁሉ አየኝ።

ሐጂ የሚያለከልኩትን ኩሊዎች አዩና፣ ሳሙናዬ መንገድ ላይ ቢቀር ደራሽ እንዳለው አየሁ፣ ነገ ሸምሱ ይጫን አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«እትዬ ዘይነባ፣ ይቺ መኪና እርስዎ በነበሩበት አገር ብትሆን ስንተኛ ትወጣ ነበር?»

«እዚያማ ብትሆን ሐጂ» አልኳቸው፣ «እስካሁን መንገድ ላይ ቆመን ነበር።»