የምዝገባ ቁጥር የሌላት ብሪጂድ

ጥበብ አንዲትን መንደር ልትጎበኝ ስታስብ አስቀድማ ኮሚቴ ታቋቁማለች። በምዕራብ አየርላንድ የምትገኝ አንዲት መንደር ይህ ጸጋ ደርሷታል። ስሟን የማንጠራው ለክብሯ ስንል ነው።

የኮሚቴው ሊቀ መንበር ክቡር አቶ ፊንታን ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ተቆጣጣሪ። እርሳቸውም ብርዱ ሊያበቃ ሲል የሚከበረው የቅድስት ብሪጂድ ዋዜማ፣ ክርስትና ከመግባቱ በፊት በነበረው የአረማውያን ደንብ በየቤቱ እንዲከበር ሐሳብ አቀረቡ። አውራጃው እጅግ ጥንታዊውን ሥርዓት ለጠበቀ ቤት የነሐስ ሰሌዳ ሊሸልም፣ ዳኛም ሊልክ ነው መባሉ ከሐሳቡ ጋር ምንም ግንኙነት አልነበረውም። አቶ ፊንታን በራቸውን ለሰሌዳው ሚስማር አራት ቦታ የበሱት ለጥንቃቄ ያህል ብቻ ነው።

ስብሰባው በአባ ማላኪ ጸሎት ተከፈተ፤ አረማዊነትም በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። በዋዜማው ልጅ አዋቂው ከእንግጫ የሚጎነጉነው መስቀልም ስሙ ተቀይሮ «ባለ አራት ክንድ የፀሐይ ምልክት» ተባለ። አባ ማላኪ ጸሐፊ ስለነበሩ ፈረሙ።

የጎደለው እንግጫው ብቻ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ያው ኮሚቴ፣ በዚያው ሊቀ መንበር፣ «እንግጫ የኋላቀርነት ምልክት ነው» ብሎ የመንደሩን ረግረግ በሙሉ አድርቆታል። የተረፈው የእትዬ ዲምፕና ማሳ ነው፤ ባል የሞተባቸው፣ ዳክዬ የሚያረቡ ሴት ናቸው፤ የኮሚቴውን ቆፋሪዎች በመጥረጊያ አባረው ነው ያተረፉት።

«እንግዲህ ዲምፕናን እንለምናት» አሉ የሊቀ መንበሩ ባለቤት ወይዘሮ ኦርላ።

«ኮሚቴ ያቺን ሴትዮ አይለምንም!» አሉ አቶ ፊንታን።

ስለዚህ ሦስት ካርቶን የፕላስቲክ እንግጫ ከባሕር ማዶ ታዘዘ።

«ይኼኛው አይጠወልግም፤ ዘላለማዊ ነው» ሲሉ ክቡርነታቸው፣ አባ ማላኪ ጉሮሯቸውን ጠረግ አደረጉ። ቢሆንም ቃለ ጉባኤው ላይ አሰፈሩት።

መመሪያም ወጣ። በልማዱ ብሪጂድ የምትሆነው ሴት እንግጫ ታቅፋ ሦስት ጊዜ ታንኳኳለች፤ ቤተሰቡም ተንበርክኮ «እንኳን ደህና መጣሽ» ብሎ ይቀበላታል። መመሪያው ታዲያ የምዝገባ ቁጥር የሌላት ብሪጂድ በር እንዳይከፈትላት ከለከለ። በዋዜማው ደጅ የሚያድረውን፣ ብሪጂድ ስታልፍ ባርካው ራስ ምታት የሚፈውሰውን ጨርቅም አልረሳም፤ እንዳይሰረቅ ሳይመሽ ወደ ቤት ይግባ አለ።

ዋዜማው ደረሰ። በአቶ ፊንታን ቤት ድንቹና ቅቤው ተደርድሮ፣ ኮሚቴው ተንበርክኮ ዳኛውን ይጠብቃል። አንደኛ ቁጥር ብሪጂድ ወይዘሮ ኦርላ ናቸው፤ ፕላስቲካቸውን ታቅፈው ደጅ ተመደቡ።

«የዳኛውን ጥቁር መኪና ሳይ አፏጫለሁ፤ ያኔ ታንኳኪያለሽ።»

«ሰውዬ፣ ዝናቡ አይታይህም?»

«ጥንታዊቷ ብሪጂድ ጃንጥላ አልነበራትም!»

አንድ ሰዓት አለፈ። ቅቤው ረጋ።

«ክቡር ሊቀ መንበር» አሉ አባ ማላኪ፣ «ጉልበቴ ወደ ክርስትና ሊመለስ ነው።»

ይኼኔ በሩ ተንኳኳ። «ተንበርከኩ! ዓይናችሁን ግለጡ! ብሪጂድን አስገቡ!» የሚለው የልማዱ ጥሪ ተሰማ። ድምፁ ግን የኦርላ አይደለም። አቶ ፊንታን ለሰሌዳው ከበሷቸው ቀዳዳዎች በአንደኛው አጮለቁ። ቦት ጫማዋ በጭቃ የተለወሰ አንዲት ሴት፣ ውሃ የሚያንጠባጥብ አረንጓዴ እንግጫ ታቅፋ ቆማለች። ጥቁር መኪና የለም።

«የምዝገባ ቁጥርሽ?»

«የምን ቁጥር ጋሼ? እንግጫ ነው የያዝኩት፤ አሁን በእጄ የነቀልኩት።»

«እሱማ ጭቃ ነው! የእኛ ከነማሸጊያው ነው የመጣው።»

ሴትዮዋ ሁለተኛ አንኳኳች። ሦስተኛም አንኳኳች። አባ ማላኪ ከእናታቸው የተማሩት አፋቸው ላይ መጣና «እንኳን ደህና መ—» ሲሉ፣ ሊቀ መንበሩ በመዳፋቸው ከደኑት።

«ሌላ ቤት ሞክሪ!»

ሴትዮዋ ከት ብላ ስቃ ሄደች። አቶ ፊንታን ጆሯቸውን ቀዳዳው ላይ ለጥፈው የመኪና ድምፅ ሲያዳምጡ አመሹ። ወይዘሮ ኦርላ ከምድብ ቦታቸው በመጥፋታቸውም፣ በሌሉበት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈባቸው።

ሲነጋ የነሐሱ ሰሌዳ በእትዬ ዲምፕና በር ላይ ታየ። ቤቱ ውስጥ ሚስማር ስላልተገኘ በእንግጫ ገመድ ታስሯል። ያሰረችውም ያቺው ባለ ቦት ጫማ ሴት፣ የአውራጃው ዳኛ ናት አሉ።

ክቡር አቶ ፊንታንን ደግሞ በቀዳዳው የገባው ነፋስ ራሳቸውን ለሁለት ይፈልጠው ጀመር። ሰባት ጨርቅ ነበራቸው፤ መመሪያውን አክብረው ቤት ያደሩ፣ ሰባቱም ደረቅ፣ ሰባቱም ያልተባረኩ። ደጅ ያደረ ጨርቅ የተገኘው እትዬ ዲምፕና ቤት ብቻ ነበር። እያቃሰቱ ማሳውን ተሻገሩ፤ ጭቃው እስከ ጉልበታቸው ዋጣቸው። የእትዬ ዲምፕናን በር ሦስት ጊዜ አንኳኩ። ውስጥ ሳቅ ይሰማል።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ እትዬ ዲምፕና፣ ፊንታን ነኝ። ያቺን... የተባረከችውን ጨርቅ፣ እባክዎ፣ ለአፍታ ብቻ...»

ወደ በሩ የሚመጣ ኮቴ ተሰማ። በሩ ግን አልተከፈተም። ከወዲያ በኩል፣ ሠላሳ አምስት ዓመት አብረውት የኖሩት ድምፅ፣ አፉ በትኩስ ድንችና በቅቤ እንደሞላ፣ በታላቅ ትሕትና ጠየቀ፦

«የምዝገባ ቁጥር?»