የኮሎው ጉዞ ስንት ነው?

እኛ አገር የማይለካ ነገር የለም፤ የሚስማማ ልክ ግን የለም። ጨርቅ በክንድ ይለካል፤ ገዢ ሲሆኑ ክንደ ረጅም ዘመድ ይዞ መሄድ ነው። ቀኑ በጥላ ይለካል፤ እርሻው በጥማድ። መንገድ ደግሞ በአፍ ይለካል። የጋይንት ሰው «ኧረ ቅርብ ነው፤ ያችን ጋራ ዞር ስትል ነው» ካለዎት ስንቅዎን ያዘጋጁ። ሰውየው አይዋሽም፤ ለእሱ እግር በእርግጥም ቅርብ ነው። ይህች «ቅርብ ነው» የምትባል ልክ መኪና ሞተር ውስጥ ስትገባ ምን እንደምትሠራ ግን ከእኔ በቀር ያየ ያለ አይመስለኝም።

በጃንሆይ ጊዜ ነው። ደብረ ታቦር ላይ መካኒክ ነበርኩ። ጎንደር ውስጥ ለአንድ ጣሊያን ሦስት ዓመት መፍቻ ሳቀብል ኖሬ፣ አንድ ቀን «በቃህ» አለኝ። ተማርክ ማለቱ ይሁን ሰለቸኸኝ ማለቱ እስከ ዛሬ አልገባኝም፤ እኔ ግን ተማርክ ማለቱ ነው ብዬ ጋራዥ ከፈትኩ።

ባላምባራስ ደምሌ የሚባሉ ነጋዴ አንዲት የጭነት መኪና ነበረቻቸው። የቤተ ክርስቲያን ቆርቆሮ ጭና ወደ ታች ጋይንት ስትወርድ ንፋስ መውጫ ላይ አቃስታ ቆመች። ባላምባራስ «ሂድና አስነሣት፤ ካላስነሣሃት እንዳትመለስ» ብለው ላኩኝ። ከአርብ ገበያ ወዲህ ያለው፣ ቆርቆሮውን የሚጠብቀው ደብር ደግሞ ምን አደረገ መሰላችሁ? ቆርቆሮው ከደብረ ታቦር ተነሣ ሲባል በደስታ ሰክሮ የቤተ ክርስቲያኑን ሳር ክዳን አፍርሶ ጨረሰው! ታቦቱ ድንኳን ገባ። ጊዜው የፋሲካ ማግስት ስለሆነ ማንም አልደነገጠም፤ ክረምት ሲገባ ግን ሥዕሉም መጻሕፍቱም በውሃ ማለቃቸው ነው።

ሰው ተሸክሞ አይወስደውም ወይ ትሉኛላችሁ። ተሞክሯል። ንፋስ መውጫ ስሙን ያገኘው በከንቱ አይደለም፤ አንዱን ቆርቆሮ የተሸከሙ ሁለት ጎልማሶች ነፋሱ ገብስ ማሳ ውስጥ አስተኛቸው። ቆርቆሮ የተጫኑት አህዮችም ጀርባቸው ላይ ሲንኳኳባቸው አገር ጥለው ጠፉ።

ደብሩ ከጎኔ እንዳይለዩ የላካቸው መሪጌታ ጥበቡ ይባላሉ። ቅኔ አዋቂ፣ ጢማም፣ ሁሉን ነገር ካላስረዱኝ የሚሉ። ሞተሩን ፈትቼ «መሪጌታ፣ ኮሎው ተሰብሯል» ስላቸው «ቆሎ ደግሞ መቼ ይሰበራል? የሚሰበረው ጥርስ ነው» አሉኝ። ኮሎ ማለት በሞተሩ ሆድ ውስጥ የተጋደመ ጠማማ ብረት ነው፤ ፒስተኖቹ ወደ ላይ ወደ ታች ሲሉ እሱ ይዞራል፣ እሱ ሲዞር ጎማው ይዞራል። ፒስተን ከታች ተነሥቶ ላይ እስኪደርስ ያለው መንገድ በእኛ በጋራዦች ቋንቋ ጉዞ ይባላል። ይህን ለመሪጌታ ማስረዳት ነበረብኝ፤ አላስረዳሁም። የተሰበረውን ኮሎ ለክቼ ልኩን መላክም ነበረብኝ፤ አልላክሁም። ጎንደር ላለው ግሪካዊ ዕቃ ሻጭ የመኪናዋን ዓይነት ጽፌ «ኮሎ ላክልኝ» አልኩና እስቴ፣ ያጎቴ ልጅ ሰርግ ሄድኩ።

ሰርጉ ሦስት ቀን ነበር፤ እኔ ዐሥር ቀን ቆየሁ። ምን ላድርግ፣ የእስቴ ሰው ካልጠገብክ አይለቅም። ስመለስ መሪጌታ ደስ ብሏቸው ጠበቁኝ። «ግሪኩ ጽፎ ነበር፣ መልሱን ሰጥቼዋለሁ» አሉ። ምን ብሎ ነው ብላቸው «ስለ መንገዱ ጠየቀ፤ ነገርኩት» አሉኝ። ለበቅሎ ጫኙ መንገድ ሊያሳይ ፈልጎ ይሆናል ብዬ ተውኩት። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

ግንቦት ሊያልቅ ሲል ኮሎው በበቅሎ ደረሰ። ጉና ላይ ደመናው ጠቁሯል። ብረቱን አየሁት፤ መልኩ ቁርጥ የድሮው ነው። ግን ሳልገጥመው ልለካው አልኩ። መለኪያ መሣሪያዬ ደብረ ታቦር ቀርቷል። ሁለት የዋንዛ ጉማጅ አፋቸውን ሰንጥቄ ጠረጴዛ ላይ አቆምኩና ኮሎውን አጋደምኩበት። «ቀጥ ያለ እንጨት አምጡልኝ» ብል መሪጌታ መቋሚያቸውን ሰጡኝ፤ በዚህ አገር ከዚህ የቀና እንጨት የለም አሉኝ። መቋሚያውን አጠገቡ አቁሜ፣ የኮሎውን ጠማማ ክርን አዙሬ ሽቅብ ጫፍ ሲደርስ በከሰል ምልክት አደረግሁ፤ ቁልቁል ሲወርድ ሌላ ምልክት። በሁለቱ መካከል ያለው ጉዞው ነው። ከዚያ የተሰበረውን ግማሽ በተራው አጋድሜ እንደዚያው አደረግሁ።

አዲሱ በትንሿ ጣት ውፍረት አጠረ። ደግሜ ለካሁ። አጠረ። መሪጌታ እኔ ስለካ ጎንበስ ብለው ከቆዩ በኋላ፣ ለመሆኑ ይህ በዓለ ሃምሳ እስኪያልቅ የማያልቅ ሥርዓት ምንድን ነው አሉኝ። ከኮሎው ጋር የመጣውን የግሪኩን ወረቀት አነበብኩ። «ይህ ኮሎ ሁለት ዓይነት ነው። ባለ ረጅም ጉዞ ወይስ ባለ አጭር ጉዞ ብዬ ብጠይቅ አጭር ጉዞ ነው ብላችሁ ስለመለሳችሁ አጭሩን ልኬአለሁ» ይላል።

ወረቀቱን ይዤ ወደ መሪጌታ ዞርኩ። እሳቸው እቴ! ምንም አልደነገጡም። «ታዲያ ምን ልበለው፣ ከዚህ እስከ እኛ ደብር ጉዞው ረጅም ነው ብዬ ልዋሽ? ቅርብ ነው፤ በማለዳ የተነሣ ሰው ለማታ ይደርሳል» ብለው ተቆጡኝ። እኔም ልቆጣ አፌን ከፈትኩና እስቴ ትዝ አለኝ፤ መልሼ ዘጋሁት። ዐሥር ቀን ሙሉ ጠላ ሲለካ የከረመ ሰው ማንን ይቆጣል?

ነገሩ ቀላል አልነበረም። ኮሎውን ልመልስ ብል ሌላ ወር ነው፤ በዚያ ጊዜ ዝናቡ መንገዱንም ቤተ መቅደሱንም ይወስደዋል። ብገጥመው ደግሞ ፒስተኑ ጫፍ ሳይደርስ እየተመለሰ ነዳጁን አጥብቆ አይጨምቀውም፤ ሞተሩ ይነሣል እንጂ ጉልበት የለውም። ይህን ስነግራቸው መሪጌታ ጢማቸውን ይዘው አሰቡ። ለመሆኑ ጉልበት ለምን ይፈለጋል አሉኝ። ለዳገት ነው አልኳቸው። «ታዲያ ታች ጋይንት ስሙ ራሱ ታች አይደል? ግጠመው ልጄ» አሉኝ።

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ከጣሊያኑ ይህን የሚያህል ብልሃት አልሰማሁም። ገጠምኩት። መኪናዋ እንደ ሳል በሽተኛ እየተንፈቀፈቀች ተነሣች፤ ቁልቁለቱን ያወረዳት ሞተሩ ሳይሆን ጭነቱ ነው። ሾፌሩ ፍሬን ላይ ቆሞ፣ መሪጌታ ቆርቆሮው ላይ ተቀምጠው ውዳሴ ማርያም እየደገሙ ደረስን። ሕዝቡ በእልልታ ተቀበለን። ወንዱ ሁሉ መዶሻ ይዞ ወጣ፤ በሳምንቱ ቤተ ክርስቲያኑ ቆርቆሮ ለበሰ፤ የመጨረሻው ሚስማር በተመታ ማግስት ሰማዩ ተቀደደ። እኔም ድንኳኑ ሥር ቆሜ አለቀስኩ፤ ምን አሳፈረኝ?

መኪናዋ ግን ለመመለስ የመጀመሪያውን ዳገት እንኳ አልደፈረችም። ባዶዋን ናት እኮ! ደብሩ በሙሉ ቢገፋት ሦስት ክንድ ወጥታ አራት ክንድ ትመለሳለች። በመጨረሻ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውስጥ አስገባናት፤ ምእመናኑም አዝነውላት ዝናብ እንዳያገኛት የሳር ዳስ ሠሩላት። ቆርቆሮ ያመጣችው እሷ ሳር ተከድናለች።

ባላምባራስ ይህን ሰምተው በበቅሎ ገሠገሡ። ከሩቅ አየኋቸው፤ አለንጋቸውን አጥብቀው ይዘዋል፣ ዓይናቸው የሚፈልገው እኔን ነው። ሰንበት ስለነበረ ሕዝቡ ከቅዳሴ ሲወጣ ተገጣጠሙ። ባላምባራስ አፋቸውን ከመክፈታቸው በፊት መሪጌታ መስቀል የያዙትን ካህን አስከትለው ደረሱና ድምፃቸውን ከፍ አድርገው መመረቅ ጀመሩ፦ ቆርቆሮውን ያደረሱ፣ መኪናቸውንም ለዚህ ደብር የሰጡ ባላምባራስ ደምሌ፣ ዕድሜ ከጤና ይስጥልን፣ ዘራቸውን ይባርክልን! ሕዝቡ እልል አለ፤ ሴቶቹ መሬት ሳሙ።

ባላምባራስ መኪናዋን አዩ። ሕዝቡን አዩ። እኔን ለረጅም ጊዜ አዩኝ። ከዚያ ባርኔጣቸውን አወለቁና፣ ጥርሳቸውን እንደነከሱ፣ «አሜን» አሉ።