ዘጠኝ ምሳ የበሉ ምስክሮች

ሰው ሠራተኛ ሲቀጥር ዋስ፣ መታወቂያና ሁለት ጉርድ ፎቶግራፍ ይጠይቃል፤ ሲያባርር ግን አፉ ብቻ ይበቃዋል። እኔም ከዚህ ልማድ አላመለጥኩም።

አዳማ፣ ወደ ወንጂ መውጫ፣ ብሎኬት የማመርትበት ግቢ አለኝ። ከአንድ አካፋ ተነስቼ አሥራ አራት ሠራተኛ ደርሻለሁ። የምቆጥረው ግን ብሎኬት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ከበሩ እስከ ማሽኑ ስልሳ ሁለት እርምጃ ነው፤ በዝናብ ቀን ስልሳ ስምንት።

ገመቹ የማሽኑ ኦፕሬተር ነው። እጁ ወርቅ ነው፤ እሱ ያወጣው ብሎኬት ጠርዙ አይሸረፍም። ሰዓቱ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ከወለንጪቲ በሚኒባስ እየተመላለሰ በአንድ ዓመት ሃያ ሰባት ጊዜ አረፈደ። ምክንያቱንም ቆጥሬዋለሁ፤ ዘጠኝ ጊዜ “ጎማ ፈነዳ” ብሎኛል። እስቲ ፍረዱ፣ ዘጠኝ ጎማ ፈንድቶበት ሾፌሩ በምኑ ነው የሚነዳው?

ታዲያ በድንገት ያባረርኩት ይመስላችኋል? ኧረ በፍጹም! ጨዋ አሠሪ የሚያስጠነቅቀው በሽማግሌ ነው ብዬ፣ የሰፈሩን ሽማግሌ ኦቦ ዲሪባን ከሁለት ጓደኞቻቸው ጋር ጠርቼ አስመከርኩት። ሦስት ሽማግሌ ሦስት ጊዜ ሲመጣ ዘጠኝ ምሳ ነው። ሥጋውን አላነሳም፤ የተበላ አይቆጠርም ይባላል፣ እኔ ግን ቆጥሬዋለሁ።

ለሃያ ሰባተኛ ጊዜ ያረፈደ ዕለት ትዕግሥቴ አለቀና “ሁለተኛ እዚህ ግቢ እንዳላይህ!” አልኩት። እንዲህ ስል የመጀመሪያዬ አልነበረም። በእኛ ግቢ ዛሬ የተባረረ ነገ ጠዋት ሥራ ይገባል፤ እኔም እንዳላየሁ አልፋለሁ። ገመቹ ግን በማግስቱ ቀረ። በእሱ ፈንታ የመጣው “ያለ አግባብ ስለተሰናበትኩ ወደ ሥራዬ ልመለስ” የሚል የክስ መጥሪያ ነው። ማሽኑ ላይ የተካሁት ሰው ደግሞ ከሚያወጣው ብሎኬት ግማሹ ሳይደርቅ ይፈርስ ጀመር። አንድ ትምህርት ቤት ለግንባታው ብሎኬቴን እየጠበቀ ነው፤ እኔ አፈር እየዛቅኩ ነው።

የእህቴ ልጅ ሰናይት ጠበቃ ናት። “ጋሼ፣ ማስጠንቀቂያውን በጽሑፍ ሰጥተውታል?” አለችኝ። ሦስት የተከበሩ ሽማግሌዎች አሉኝ አልኳት። “ስንብቱንስ?” ጮኬ ነው የነገርኩት፣ ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል አልኳት። “ጩኸት ፋይል ውስጥ አይገባም፣ ጋሼ” አለች። አሠሪ የሆናችሁ ሁሉ ይህችን ያዙልኝ፤ ማስጠንቀቂያ ቀንና ፊርማ ያለው ወረቀት ነው፣ ስንብትም ምክንያቱ ተጽፎ የሚሰጥ ወረቀት ነው። ይህን ለማወቅ እኔ ያወጣሁትን ምሳ አታውጡ።

ፍርድ ቤት ኦቦ ዲሪባ ነጭ ጋቢያቸውን አጣፍተው ቆሙ። ዳኛዋ በኦሮምኛ “ሠራተኛውን አስጠንቅቃችሁታል?” ብለው ጠየቋቸው። ኦቦ ዲሪባ እንደ መቆጣት አሉ። ሽማግሌ ያስታርቃል እንጂ ያስጠነቅቃል እንዴ? ልጁን “ቶሎ ቶሎ ና” ብለነዋል፣ ይህንንም ሰውዬ “አንተም ጩኸት ቀንስ” ብለነዋል፣ እንዲያውም ልጁን ይቅርታ እንዲጠይቀው መክረነው ነበር አሉ። ሁለቱ ጓደኞቻቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። ዘጠኙ ምሳ በዓይኔ ላይ ተሰለፈ።

ተራው የገመቹ ሆነ። ገመቹ ጴንጤ ነው፤ ውሸት አይሆንለትም። “ክብርት ዳኛ፣ አባቶቼ ረስተውት ነው እንጂ ጋሼ ሦስት ጊዜ አስጠንቅቀውኛል። ማርፈዴም እውነት ነው። ደብዳቤ ግን አልሰጡኝም” አለ። ዳኛዋ አፋቸውን በፋይሉ ሸፈኑ። የእኔ ምስክሮች ለእሱ መሰከሩ፣ ከሳሼ ለእኔ መሰከረ! በራሱ ላይ እንኳ የማይዋሽ ሰው ከሆነ፣ ጎማዎቹም ለካ የምር ፈንድተው ኖረዋል።

ቢሆንም የገመቹ ቃል ወረቀት አልሆነልኝም። ዳኛዋ መስማማት ትችሉ እንደሆነ ሲጠይቁን፣ ሰናይት ገና አፏን ሳትከፍት ብድግ ብዬ “ነገ ጠዋት ሥራውን ይጀምር” አልኩ።

ውጭ ስንወጣ ሰናይት ተቆጣችኝ። “ካሳውን ከፍለው ሊገላገሉት ሲችሉ እንዴት ይመልሱታል?” አለች።

“ልጄ፣” አልኳት፣ “ገና ያልከሰሱኝ አሥራ ሦስት ሠራተኞች አሉኝ። እኔኑ ከሶ ለእኔ የሚመሰክር ሰው አግኝቼ እንዴት አባርረዋለሁ?”