የዳይኖሰሮቹ አስተርጓሚ

አራዳ ቆማችሁ መንገድ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? «አላውቅም» የሚል ሰው ካገኛችሁ ለከተማው እንግዳ መሆን አለበት። የእኛ ሰው ቦታውን ባያውቀውም አያሳፍራችሁም፤ እጁን ወደ ቴዎድሮስ አደባባይ ዘርግቶ «በዚህ ቁልቁል፣ ከዚያ ወደ ግራ» ይላችኋል። ክፋት የለበትም፤ ጠያቂን ባዶ እጁን መመለስ ነውር ስለሚመስለን ነው። ደረት ኪሱ ላይ እስክሪብቶ ለሰካ የቢሮ ሰው ደግሞ ነውሩ እጥፍ ነው። እኔ በዚያን ጊዜ ሁለት እሰካ ነበር።

በደርግ ዘመን፣ ውቤ በረሃ ስንኖር፣ ከግቢያችን ቴሌቪዥን የነበረው አቶ መኩሪያ ቤት ብቻ ነው። ፒያሳ ጨርቃ ጨርቅ የሚሸጡ ቁም ነገረኛ ሰው ናቸው። እሑድ አመሻሽ ላይ በራቸውን ይከፍታሉ፣ ጎረቤት ይገባል፣ ባለቤታቸው ዳንቴሉን ከቴሌቪዥኑ ላይ ያነሣሉ። አንድ ሰሞን ስለ ዳይኖሰሮች የሚያስተምር ፊልም በአራት ክፍል መታየት ጀመረ። እንዴት እንደወደድነው አልነግራችሁም። ቤት የሚያህል አውሬ በጥቁርና ነጭ ሲንጎማለል፣ ሰዉ ሁሉ ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ ያያል። ችግሩ ንግግሩ በእንግሊዝኛ ነው። አቶ መኩሪያ ወደ እኔ ዞረው፣ የተማርክ አንተ ነህና እስቲ አስረዳን አሉኝ።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ እንግሊዝኛ ሲጻፍ እንጂ ሲነገር አላውቀውም ነበር። ግን ከአቶ መኩሪያ ጎን ልጃቸው እጅጋየሁ ተቀምጣለች፤ እኔ ደግሞ እሷን ለመጠየቅ ሽማግሌ ልልክ እያሰብኩ ነው። ስለዚህ አስረዳሁ። አንገተ ረጅሟ ሴቷ ናት አልኩ። የሌላኛው ጀርባ ላይ እንደ ቆርቆሮ የተደረደረው እንቁላል ማሞቂያ ነው አልኩ። ያ ጥርሳሙ የፊት እጆቹ እንዲያ ያጠሩት ገና ግልገል ስለሆነ ነው፣ ሲያድግ ይረዝማሉ አልኩ። ሦስት እሑድ እንዲህ አለፈ። ከሁሉ ይበልጥ በጥሞና የሚያዳምጡኝ ከአስመራ የመጡት አዛውንቱ ሰዓት ሠሪ፣ አቶ ሀብተማርያም፣ ነበሩ፤ እኔ በተናገርኩ ቁጥር ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ዋናው ሽማግሌዬ እሳቸው ይሆናሉ ብዬ ወሰንኩ።

በአራተኛው እሑድ፣ በመጨረሻው ክፍል፣ ሰማዩ ጠቆረና አውሬዎቹ አንድ በአንድ ወደቁ። አቶ መኩሪያ ዓይናቸውን ከቴሌቪዥኑ መስኮት ሳያነሡ «ምን አግኝቷቸው ጠፉ?» አሉኝ። ወንድማቸው ከቤት እንደወጣ የቀረባቸው፣ የት እንደደረሰም ያልሰሙ ሰው ናቸው። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ቤት ብዙ ነበር። መልስ አዘጋጅቼ አፌን ከፈትኩ፤ ግን ድምፃቸው ያለፉት እሑዶች ድምፅ አልነበረም።

«አልገባኝም፣ አቶ መኩሪያ» አልኩ። «ያለፉት ሦስት ሳምንታትም አልገባኝም ነበር።»

እጅጋየሁ አቀረቀረች። ያን ጊዜ አቶ ሀብተማርያም ጉሮሯቸውን ጠረጉና በእርጋታ ማስረዳት ያዙ፤ ከሰማይ ትልቅ ድንጋይ እንደወደቀ፣ አቧራው ፀሐይን እንደጋረደ፣ ሣሩ ሲደርቅ እነሱም እንዳለቁ፣ ይህንንም የሚጠራጠሩ ሊቃውንት እንዳሉ። አንድም ቃል አልዘለሉም። የምገባበት ጠፋኝ።

ስንወጣ ግቢው ውስጥ ተከተልኳቸውና እንግሊዝኛ የት እንደተማሩ ጠየቅኩ። በእንግሊዞች ጊዜ አስመራ አስተርጓሚ እንደነበሩ ነገሩኝ።

«ታዲያ እስከዛሬ ለምን ዝም አሉኝ፣ አባባ?»

«ልጄ፣ እኔም ሥራውን የጀመርኩት እንዳንተ ነው» አሉ።

ከወር በኋላ፣ ተስፋዬ ተሟጦ ሳለ፣ ያው ሽማግሌ ሆነው የሄዱልኝ እሳቸው ናቸው። አቶ መኩሪያ የልጁ ጠባይ እንዴት ነው ብለው ሲጠይቋቸው፣ አንዳች ሳያሳምሩ መለሱ።

«ይዋሻል። በጠፋ ሰው ላይ ግን አይዋሽም።»

አቶ መኩሪያም ሠርጉ ከፋሲካ ወዲያ ይሁን አሉ።