ከኮምፔርሳቶው ማዶ ያሉት ጆሮ ጠቢ

ጆሮ ጠቢነት ወጪ የሌለው ሥራ የሚመስለው ሰው ይሳሳታል። ክብርት ጎረቤቴን እትዬ አለምነሽን አንድ ተራ ቀን ምን እንደሚያስወጣቸው ልንገራችሁ፤ ጠዋት የገነፈለ ወተት፣ ቀትር ላይ ያረረ ሽሮ፣ ከሰዓት የቀዘቀዘ ሻይ። ጆሯቸው እኛ ቤት ውሎ ምድጃቸውን ማን ይጠብቅ?

ምሥራቅ ክፍለ ከተማ በተከራየንበት ግቢ፣ የእሳቸውን ክፍል ከእኛ የሚለየው አንድ ስስ የኮምፔርሳቶ ግድግዳ ነው። እትዬ አለምነሽ "እኔ ወሬ አልወድም" ይላሉ። የማይወዱትን ወሬ ሲያርሙ ነው የሚያዙት። አንድ ቀን ባለቤቴን ኤልናታንን፣ "እሁድ ለእናትህ ዓሣ እንሥራላቸው" አልኩት፣ በሹክሹክታ።

ከማዶ ድምፅ መጣ። "ዓሣ ይከብደኛል ብለው የለ! ዶሮ ሥሪ።"

"እትዬ፣ እየሰሙን ነው እንዴ?"

"ኧረ እኔ ምን በወጣኝ! ዝም ብሎ ገባብኝ እንጂ።"

የልጄን የሐዳሳን ጥርስ መብቀል ከእኔ እኩል ያወቁት፣ ኤልናታን ከአለቃው ጋር መጋጨቱን ከእኔ ቀድመው ያወቁት፣ ሁሉም ዝም ብሎ ገብቶባቸው ነው።

ቃሉ ራሱ ይገርመኛል። ትልልቆቹ እንደሚሉት፣ ድሮ የሰው ወሬ ለሹም የሚያቀብል ነበር ጆሮ ጠቢ የሚባለው። እሺ፣ ግን ለምን "ጠቢ"? ለምን ጆሮ ቀሳሪ አላሉትም? ማን እንዳወጣው አላውቅም፤ ልጅ ያጠባች ሴት መሆኗን ግን እጠረጥራለሁ። ሐዳሳ ስትጠባ ዓይኗን ትጨፍናለች። አንድ ቀን በራቸው ገርበብ ብሎ እትዬን አየኋቸው፤ ጉንጫቸውን ኮምፔርሳቶው ላይ አስደግፈው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው። የሚጠባ ደግሞ የራበው ነው። እሳቸውን ምን ራባቸው?

መልሱን ያገኘሁት እናቴ ጋ ወንዶ ገነት ሰንብተን ስንመለስ ነው። ከባጃጁ ሳንወርድ እትዬ በር ላይ ደረሱ።

"እንደምትሄዱ እንኳ ሰምቼ ነበር፣ ዝም ብሎ ገብቶብኝ። ግን ቤቱ እንዲህ ጭር ይላል አላልኩም!" ሐዳሳን ከእጄ ነጠቁኝ። የራሳቸው ልጆች በየአገሩ ተበትነዋል፤ የሚደውሉት ለበዓል ነው።

አሁን የኤልናታን ሥራ ወደ ይርጋለም ተዛውሮ ልንለቅ ነው። አከራያችን ጋሽ ታደሰ ተከራይ ካላገኙ ክፍሉን በለስላሳ መጠጥ ሳጥን ሊሞሉት አስበዋል። ሳጥን ደግሞ አያወራም፣ አያለቅስም። የመልቀቃችን ወሬ ግን ዝም ብሎ አልገባባቸውም። ፊት ለፊት ቆሜ ስነግራቸው እንኳ፣ "አልሰማሁሽም" አሉኝ።

ይህን ጽፌ ለኤልናታን ሳነብለት፣ ከማዶ ጉሮሮ ተጠረገ።

"ልጄ፣ ለሚያነቡት ሰዎች አንድ ነገር ጨምሪልኝ።"

"ምን ልበላቸው እትዬ?"

"ክፍሉ ፀሐይ ይገባዋል በያቸው። ውሃውም አልፎ አልፎ ነው የሚጠፋው። ልጅ ያለው ሰው ይምጣ፣ ሲያለቅስ እኔ አባብላለሁ። ብቻ እባካችሁ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚያወራ ሰው አይሁን፤ ጆሮዬ እንደ ድሮው አይደለም።"