የአቶ አይጣልም ማሽን ሲዘጋ

በየመንደሩ አንድ አይጣልም አለ። የሌለበት መንደር ካለ ገና ሰው ያልገባበት መሆን አለበት። የኛው ክቡር አቶ አይጣልም ጡረታ የወጡ የመብራት ቆጣሪ አንባቢ ናቸው። ከአልጋቸው ስር ሦስት ጆንያ የጠርሙስ ክዳን፣ ከበሩ ኋላ እጀታ የሌላቸው አራት ጃንጥላዎች አሉ። ሚስታቸው መጥረጊያ ባነሳች ቁጥር ከወንበራቸው ብድግ ይላሉ። "እሱ አይጣልም! አንድ ቀን ይፈለጋል!"

ከሁለት ዓመት በፊት ለክዳኖቹ መላ አገኙ። ፕላስቲክ አቅልጦ እንደ ክር የሚያወጣ ማሽን በገዛ እጃቸው ሠሩ፤ ክሩን እያቀለጠና እየደራረበ ዕቃ ለሚያትመው ፕሪንተራቸው ይመግቡታል። የሳሙና ማስቀመጫ ወጣ፣ ማንም ያልጠየቃቸው የበር ማቆሚያ ወጣ። ሚስታቸው ሁሉንም "እሰይ፣ እጅህ ይባረክ" እያለች ተቀበለች። ልብስ ሰፊ ናት፤ የሰው እጅ ሥራ ማጣጣል አይሆንላትም።

ታዲያ አንድ ረቡዕ የስፌት መኪናዋ ቀጥ አለች። ውስጧ ያለው ባለጥርስ የፕላስቲክ ሽክርክሪት ተሰብሯል፤ መለዋወጫው ደግሞ መመረት ካቆመ ቆይቷል። ሚስታቸው ስድስት ወር ሥራ ፈትታ ከርማ ያገኘችው ትእዛዝ፣ ለአንድ የሕፃናት ማቆያ ልጆች የሚሆን ሃያ አራት ሽርጥ፣ ሰኞ ጠዋት መድረስ አለበት። ካልደረሰ ሥራው ለሌላ ሰፊ ይሄዳል።

"ለዚህ ነው እንዴ ፊትሽ የጠቆረው?" አሉ አቶ አይጣልም ደረታቸውን ነፍተው። "እኔ እያለሁ?"

ሽክርክሪቱን ለኩ፣ ነደፉ፣ ማሽኑን አሞቁ። ክሩ ግማሽ ክንድ ያህል ወጣ፣ ጠቆረ፣ ከዚያ ጭራሽ ቆመ። ቤቱ ያረረ ፕላስቲክ ሸተተ።

"ምን ከተትክበት?" አለች ሚስታቸው።

"ክዳን ነዋ።"

"ክዳን ብቻ?"

ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። "የተሰበረውንም ሽክርክሪት... ለክቼው የለ? ታዲያ ይጣል?"

ለካስ ሽክርክሪቱ እንደ ክዳን በቶሎ የማይቀልጥ ጠንካራ ፕላስቲክ ኖሯል። ስብርባሪው የማሽኑ አፍ ላይ ተሰነቀረ፣ ክዳኑም ከኋላው አርሮ ቀረ።

ሐሙስና ዓርብ አቶ አይጣልም የቀዘቀዘውን ማሽን ሲፍቁ ዋሉ። በሽቦ ሞከሩ፣ በሚስማር ሞከሩ። ፕላስቲኩን የሚገፋው ረጅም ብሎን ከውስጥ ተጣብቆ ንቅንቅ አልል አለ። ሚስታቸው ብቅ ባለች ቁጥር "ተይኝ፣ ይሄን እኔ አውቃለሁ" ይሏታል። ቅዳሜ ጠዋት ግን ሽቦውን ይዘው ተቀምጠው አገኘቻቸው። ልትቆጣ ነበር የመጣችው። የተላላጡ ጣቶቻቸውን ስታይ ቁጣዋን ትታ አጠገባቸው ተቀመጠች።

"አንተ ሰውዬ፣ ናይለን ካውያዬ ላይ ሲጣበቅ ምን አደርጋለሁ?"

"እ... ትፍቂዋለሽ።"

"ምን በወጣኝ! ይቧጨራላ። መልሼ አሞቀዋለሁ፤ ሲለሰልስ በጥጥ ጨርቅ እጠርገዋለሁ።"

አፋቸውን ከፍተው አዩዋት። አርባ ዓመት አብረዋት ሲኖሩ ካውያዋን አንድ ቀን ልብ ብለው አላዩትም።

ማሽኑን አሞቁትና ከመብራት ነቀሉት። ወፍራም ጓንት አጥልቀው አፉን ፈቱ፣ ብሎኑን ሳቡ። እሷም ጓንቷን አድርጋ፣ ሳይቀዘቅዝ፣ በጥጥ ጨርቅ ጥምዝምዙን ተከትላ ጠረገችው። ጥቁሩ እንደ ልጣጭ እየተላጠ ወረደ፤ ስብርባሪውም አብሮ ወጣ። ገጥመው ንጹሕ ነጭ ክዳን መገቡት። ክሩ መጀመሪያ ጥቁር፣ ቀጥሎ ግራጫ፣ በመጨረሻ ወተት የመሰለ ወጣ። እሷ እልልታዋን አቀለጠችው፤ እሳቸው እንባቸውን በጓንታቸው ጠረጉ።

ከክሩ የታተመው አዲሱ ሽክርክሪት ማታውኑ መኪናዋ ውስጥ ገባ፤ እሁድ መኪናዋ ስትንተከተክ ዋለች። ሰኞ ጠዋት ሃያ አራቱን ሽርጥ ተሸክመው አብረው ሄዱ።

"የስፌት መኪናሽ ተሰብራለች ሲሉ ሰምቼ ተስፋ ቆርጬ ነበር" አለች የማቆያው ኃላፊ። "ማን አበጀልሽ?"

"ባለቤቴ ናቸው" አለች፣ በሰው ፊት አንቱ ብላ።

አቶ አይጣልም ጥቅሉን መሬት አስቀመጡ። "እኔማ ነገሩን ያበላሸሁት ነኝ" አሉ። "መላውን ያወቀችው እሷ ናት። ሁለት ቀን ሙሉ አልጠየቅኳትም።"

ኃላፊዋ ማንን እንደምታመሰግን ግራ ገብቷት ሳቀችና ሠላሳ ሽርጥ ጨምራ አዘዘች። ሚስታቸው ግን ቁጥሩን በቅጡ አልሰማችም። እሳቸውን እያየች ነበር፤ ይሄን ሰውዬ እንደ ጉድ ትወደዋለች።